«ሰው ምን ይለኛል?» - መልሱን እያወቀ ዝም የሚለው የእንግሊዝኛ ተማሪ

ልጅቷ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ከመስኮቱ አጠገብ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጥ ነበር። ስለ አፈር መሸርሸር የሚናገር አጭር የእንግሊዝኛ ምንባብ ከተነበበ በኋላ መምህሩ «ገበሬው አፈሩን ጎርፍ እንዳይወስድበት ምን አደረገ?» ብሎ ጠየቀ። ልጅቷ ወደ ጓደኛዋ ዘንበል ብላ መልሱን በአማርኛ ሹክ አለቻት፦ «እርከን ሠራ፤ ዛፍ ተከለ።» ጓደኛዋ እጇን አወጣችና ያንኑ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተናገረች። «ጎበዝ!» ተባለች። ከዚያ መምህሩ ቀጣዩን ጥያቄ ይዞ ወደ ልጅቷ ዞረ። ብድግ አለች፤ ደብተሯን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ። መምህሩም «ቁጭ በይ፤ ሁለተኛ ሳታጠኚ እንዳትመጪ» አላት።

ያ መምህር እኔ ነኝ። ልጅቷ አጥንታ እንደነበር፣ የመጀመሪያውንም መልስ የሰጠችው እርሷ እንደሆነች የነገረችኝ ጓደኛዋ ናት፤ ያውም ከሁለት ወር በኋላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍሌ ውስጥ ያለውን ዝምታ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ለካ ዝም ያለ ተማሪ ሁሉ ያላወቀ ተማሪ አይደለም።

ነገሩ በምሁራን ዘንድ «የውጭ ቋንቋ ክፍል ጭንቀት» ተብሎ በስሙ መጠናት ከጀመረ አርባ ዓመት ያህል ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1983 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ቋንቋ መማር ለሚያስጨንቃቸው ጀማሪ ተማሪዎች የመረዳጃ ቡድን ሊቋቋም መሆኑ ለ225 ተማሪዎች ተነገራቸው። 78ቱ መግባት እንፈልጋለን አሉ። ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ማለት ነው። ቦታው የበቃው ግን ለ30 ብቻ ነበር። ኢሌን ሆርዊትዝ፣ ማይክል ሆርዊትዝና ጆአን ኮፕ እነዚያ ተማሪዎች የነገሯቸውን ይዘው በ1986 አንድ ጽሑፍ አሳተሙ፤ 33 ዐረፍተ ነገሮች ያሉት መለኪያም አዘጋጁ። ተማሪው ለእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በጣም አልስማማም» ድረስ ካሉት አምስት ደረጃዎች አንዱን ይመርጣል። ድምሩ ከ33 እስከ 165 ይደርሳል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ጭንቀቱም ከፍ ያለ ነው። ዛሬም በብዙ አገሮች የሚሠራበት ይኸው መለኪያ ነው።

የእነዚህ ሰዎች ዋና ሐሳብ የቋንቋ ክፍል ጭንቀት ራሱን የቻለ ነገር ነው የሚል ነው። በተፈጥሮው ፈሪ የሆነ ሰው ሁሉ አይጨነቅም፤ የሚጨነቀውም ሁሉ በተፈጥሮው ፈሪ አይደለም። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ያለ ምንም መርበትበት የሚሠራ፣ በኳስ ሜዳ ሃያ ሁለት ልጆችን የሚያዝ ጎረምሳ፣ እንግሊዝኛ ሲመጣ አንገቱን ይደፋል። ጭንቀቱን ከሦስት ዘመዶች ጋር አያይዘውታል፦ ከሰው ጋር ለመነጋገር ከመፍራት፣ ከፈተና ፍርሃት፣ እንዲሁም ሌሎች ዝቅ አድርገው ያዩኛል ከሚል ስጋት።

ይህን ሦስተኛውን እነርሱ በብዙ ቃላት ሲያብራሩት እኛ በአንድ ቃል እንጨርሰዋለን፤ ይሉኝታ። ቃሉ ራሱ «ይሉኛል» ከሚለው የወጣ ነው። ከትንሽነታችን ጀምሮ አንደበታችንን እንድንጠብቅ እየተመከርን አድገናል። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባላል፤ እግር ቢወለም ወጌሻ አለው፣ ከአፍ የወጣ ስሕተት ግን መመለሻ የለውም ማለት ነው። ምክሩ ለሽምግልናና ለፍርድ አደባባይ የተገባ ነው። ቋንቋ ለሚማር ልጅ ግን ከባድ ሸክም ይሆንበታል፤ ቋንቋ የሚለመደው አፍ ሺህ ጊዜ ወለም እያለ ነውና። በዚህ ላይ አብረውት የሚማሩት ልጆች በሁለት በኩል ያጠምዱታል። ከተሳሳተ ይሥቁበታል፤ አሳምሮ ከተናገረ ደግሞ «ጉረኛ»፣ «ፈረንጅ ሆነልህ» ይሉታል። በሁለቱ መካከል ያለችው አስተማማኝ ቦታ ዝምታ ብቻ ናት። ልጁም እዚያው ይቀመጣል።

ታዲያ ፍርሃት የሚያውቁትን ነገር እንዴት ያጠፋል? ቤት ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ቡና ስትቀዳ የሰነበተችን ልጅ አስቡ። አንዲት ጠብታ አታፈስም። እንግዶች መጥተው፣ የሁሉም ዓይን እርሷ ላይ ሲያርፍ ግን ሲኒው እጇ ላይ ይንገዳገዳል። እጇ ችሎታውን አልረሳም፤ ቀልቧ ለሁለት ተከፈለ እንጂ። እኩሌታው ሲኒውን ይጠብቃል፤ እኩሌታው የሚያዩዋትን ሰዎች ይጠብቃል። የሰው አእምሮ በአንድ ቅጽበት ይዞ ሊያሠራው የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። በውጭ ቋንቋ አንድ ዐረፍተ ነገር ለመናገር ሐሳቡን መያዝ፣ ቃላቱን መፈለግ፣ ግሡን ከጊዜው ጋር ማስማማት፣ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል፣ ድምፁን ማውጣት ያስፈልጋል፤ አማርኛ ስንናገር ይህ ሁሉ ሳናስበው ይሠራል፤ በእንግሊዝኛ ግን እያንዳንዱ ሥራ ትኩረት ይጠይቃል። ጠባቡ ቦታ በዚህ ሞልቶ ሳለ «ይሥቁብኛል» የሚለው ሐሳብ ሲገባ ከተያዙት አንዱ መውደቁ አይቀርም። ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው ቃሉ ነው። ልብ ይደልቃል፣ አፍ ይደርቃል፣ እጅ ያልበዋል፤ «ምላሴ ተሳሰረ» የምንለው ያኔ ነው።

ካናዳውያኑ ፒተር ማኪንታየርና ሮበርት ጋርድነር ይህን በሙከራ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት 72 ተማሪዎች በኮምፒውተር ላይ አዳዲስ ቃላት እንዲያጠኑ አደረጉ። ከዚያ የቪዲዮ ካሜራ አምጥተው ፊታቸው አቆሙ፤ ለአንዱ ቡድን ገና ሲጀምር፣ ለሌላው መካከል ላይ፣ ለሦስተኛው መጨረሻ ላይ፤ አራተኛው ቡድን ካሜራ አላየም። ካሜራው በመጣበት ቅጽበት ጭንቀት ከፍ አለ፤ ቃላቱን የመያዙም ሥራ ተጎዳ። ለእኔ ከዚህ ጥናት የሚበልጠው ቁም ነገር ጭንቀት የሚጎዳው የመናገሪያዋን ደቂቃ ብቻ አለመሆኑ ነው። ተማሪው ሲያዳምጥም፣ ሲያጠናም አብሮት ይሠራል። «ቀጥሎ እኔን ሊጠይቀኝ ነው» እያለ ተራውን የሚቆጥር ልጅ መምህሩ በዚያች ሰዓት የሚያስረዳውን አይሰማም። ቀን ያልሰማውን ደግሞ ማታ ሊያጠናው አይችልም። በስም መጥሪያው ቅደም ተከተል መጠየቅ ፍትሐዊ ይመስለኝ ነበር፤ ከፊቱ ያሉትን አሥር ልጆች ትምህርት እየነጠቅኩት መሆኑን አልተረዳሁም።

ለፊደል ልጆች አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። የእኛ ፊደል፣ መጥበቅና መላላትን ባያሳይም፣ በመሠረቱ እንደተጻፈ ይነበባል። ያላየነውን ቃል እንኳ ጮክ ብለን ለማንበብ አንፈራም። እንግሊዝኛ እንዲህ አይደለም። የቢላዋ እንግሊዝኛ ስም ሲጻፍ ከፊቱ «ክ» አለበት፤ ሲነበብ ግን «ናይፍ» ነው። ፊደሉን አምኖ «ክናይፍ» ብሎ ያነበበ ልጅ ፊደል ያስተማረውን ሕግ አክብሯል፤ የሚያገኘው ግን ሳቅ ነው። ተነባቢዎች ሲደራረቡም የአማርኛ አንደበት በተፈጥሮው «እ» ይጨምርበታል፤ «ስኩል» ሊል ሲነሣ «እስኩል» ይወጣዋል። ተማሪው ይህ ለምን እንደሚሆን ቢነገረው፣ ስሕተቱ የሞኝነት ሳይሆን የገዛ ቋንቋው ሥርዐት መሆኑን ቢያውቅ፣ ሐፍረቱ በብዙ ይቀልለት ነበር። ይህን ለማስረዳት አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ሲደረግ ግን እምብዛም አላየሁም።

ነገሩን በአገራችን የሚያከብደው እንግሊዝኛ ከሌሎቹ ትምህርቶች አንዱ ብቻ አለመሆኑ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ በሁለተኛና በከፍተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን አደረገ። ነገሩ ስፓኒሽ እንደሚማር አሜሪካዊ ተማሪ ቢሆን ኖሮ ፍርሃቱ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ይቆይ ነበር። የእኛ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን ፊዚክስም፣ ታሪክም፣ ባዮሎጂም በእንግሊዝኛ ስለሚሰጡት ፍርሃቱ ከክፍለ ጊዜ ወደ ክፍለ ጊዜ ይከተለዋል። ያልገባውን የኬሚስትሪ ሐሳብ ለመጠየቅ እንኳ መጀመሪያ የሚፈራውን ቋንቋ መሻገር አለበት። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ «ፕላዝማ» የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባ ጊዜ የተማሩ ደግሞ ሌላ ትዝታ አላቸው። የቴሌቪዥኑ መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፤ ተማሪው ገና ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱ ተነግሮ ትምህርቱ ያልፋል። «አልገባኝም» ቢሉት የማይሰማ መምህር ፊት መቀመጥ ለተጨናቂ ተማሪ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

መምህራኑስ? ይህን ለመናገር ድፍረት ይጠይቃል፤ ግን እውነት ነው። ሆርዊትዝ በኋላ እንደጻፈችው የቋንቋ አስተማሪዎች ራሳቸው ይጨነቃሉ። በእኛ አገር ደግሞ በእንግሊዝኛ የሚያስተምረው የቋንቋ መምህሩ ብቻ አይደለም፤ የጂኦግራፊውም የሒሳቡም ነው። ትምህርቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ እንግሊዝኛው ግን የማይመቸው መምህር ጥያቄ እንዳይመጣበት ማስታወሻ በማስገልበጥ ክፍለ ጊዜውን ሲሞላ አይቻለሁ። ሰነፍ አይደለም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለችውን ልጅ የያዛት ፍርሃት እርሱንም ይዞታል። ሁለቱም በአንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ይጠባበቃሉ።

በዚህ ጥናት ዙሪያ ሙግት አለ፤ አንባቢ ሊያውቀው ይገባል። ሪቻርድ ስፓርክስና ሌኖር ጋንሾው የተባሉ ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ «ምክንያቱንና ውጤቱን አቀያይራችሁታል» ሲሉ ተከራክረዋል። እንደ እነርሱ አባባል አንዳንድ ተማሪዎች በገዛ ቋንቋቸውም ድምፅንና ፊደልን በማገናኘት ረገድ ድክመት አለባቸው፤ የውጭ ቋንቋ የሚከብዳቸው በዚያ ነው፤ ጭንቀቱ የመጣው ከብዷቸው ነው። ሆርዊትዝ ደግሞ በጣም የላቁ ተማሪዎችም እንደሚጨነቁ በመጥቀስ መልሳለች። በክፍል ውስጥ ካየሁት ስነሣ ሁለቱም ያሉ ይመስለኛል፤ እንዲያውም ክብ ሠርተው እርስ በርስ ይመጋገባሉ። ልጁ ይከብደዋል፤ ስለከበደው ይፈራል፤ ስለፈራ አይናገርም፤ ስላልተናገረ አይለምድም፤ ስላልለመደ ይከብደዋል። መምህር ክቡን የትም ቦታ ላይ ቢቆርጠው ይጠቅማል፤ ከየት እንደጀመረ ማወቅ የግድ አይደለም።

ጉዳቱን ማጋነንም አይገባም። ዓለም ላይ የተሠሩ 97 ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደታተመው፣ በጭንቀትና በውጤት መካከል ያለው ዝምድና በአማካይ ኔጌቲቭ 0.36 ሆኖ ተገኝቷል። በቀላል አነጋገር ጭንቀት ከፍ ሲል ውጤት ዝቅ የማለት ዝንባሌ አለው፤ ነገር ግን ከተማሪ ተማሪ ካለው የውጤት ልዩነት ከጭንቀት ጋር የሚያያዘው ከመቶ 13 ያህሉ ነው። የቀረው የጥናት፣ የመጽሐፍ፣ የመምህር፣ የዕድል ነው። የሚፈራ ልጅ አይችልም ማለት አይደለም፤ እየፈሩ አንደኛ የወጡ አውቃለሁ።

ከአገር ወጥተው ቋንቋ የሚማሩ ወገኖቻችንን ሳላነሣ ባልፍ ይቆጨኛል። በጀርመን መጤዎች የሚወስዱት የውህደት ኮርስ በተለመደው አደረጃጀቱ 600 የቋንቋ ትምህርት ክፍለ ጊዜ አለው። በእስራኤል ኡልፓን የሚባለው የዕብራይስጥ ማስተማሪያ አለ። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ልጅ አይደለም። በሰፈሩ ሰው ያስታረቀ፣ ንግግሩ የተመሰከረለት፣ ሰው ተነሥቶ የሚቀበለው ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። በአዲሱ ቋንቋ ያለችው ዐረፍተ ነገር ግን «ስሜ እገሌ ነው፤ ዳቦ እወዳለሁ» የምትል ናት። በልጁ ዕድሜ ያለች መምህርት በሰው ፊት ታርመዋለች። ሆርዊትዝና ባልደረቦቿ ያኔ እ.ኤ.አ. በ1986 የጻፉት ይህንኑ ነው፤ ትልቅ ሰው በውጭ ቋንቋ ሲናገር ራሱን እንደሚያውቀው አድርጎ ማሳየት ስለማይችል ማንነቱ ይነካበታል። አባት ኮርሱን ትቶ ቢቀር «ለመማር አልፈለገም» ከማለት በፊት ምን እንደተሸከመ መጠየቅ ይገባል። ሐኪም ቤት ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ መውሰዱ ራሱ አንድ ሌላ ቁስል ነው።

መፍትሔውን ፍለጋ ሩቅ ስሄድ ቆይቼ አንድ ነገር ከቅርብ አገኘሁ። በቅኔ ቤት ተማሪው ማንም በአፍ መፍቻነት በማይናገረው በግእዝ አዲስ ነገር መፍጠር ይጠበቅበታል። ከዚህ የበለጠ የሚያስጨንቅ የቋንቋ ሥራ የለም። አሠራሩን እዩት፦ ጀማሪው ሁለት ስንኝ ብቻ ባለው አጭር ቅኔ፣ በጉባኤ ቃና፣ ይጀምራል እንጂ ረጅሙን አይሸከምም። ቅኔውን የሚቆጥረው፣ ማለትም የሚያዘጋጀው፣ ወጣ ብሎ፣ ብቻውን፣ ጊዜ ወስዶ ነው። ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል። ቅኔ ቤት ጨዋታ አልነበረም፤ ረኃቡም ጥብቅነቱም ይታወቃል። ነገር ግን ተማሪው ተዘጋጅቶ፣ በልኩ በተቆረጠ ሥራ፣ መጀመሪያ በታመነ ጆሮ ፊት መናገሩ ዛሬ ጥናቶች ከሚመክሩት ጋር ይገጥማል። እኛ ዘመናዊ ነን የምንል መምህራን ያለ ዝግጅት ስልሳ ልጆች ፊት አስነሥተን «ተናገር!» እንላለን።

ስለ ጊዜ መስጠት የታወቀ ጥናት አለ። አሜሪካዊቷ ሜሪ ባድ ሮው የሳይንስ ክፍሎችን ድምፅ ቀድታ ስትመረምር መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያራዝሙት መልሶች ረዘሙ፤ ዝም ይሉ የነበሩ ልጆችም መናገር ጀመሩ። ያ በገዛ ቋንቋቸው ነው፤ በውጭ ቋንቋ ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። እኔ ጥያቄውን እጠይቅና «ሁላችሁም በደብተራችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ለጎረቤታችሁ ንገሩ» እላለሁ። ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የሚነሣው ልጅ መልሱን አንድ ጊዜ ተናግሮታል፤ ቢሳሳትም የሁለት ሰው ስሕተት ነው።

ማረም ግን እስከ ዛሬ የሚያስቸግረኝ ነው። ተማሪው የተናገረውን ሳልነቅፍ አስተካክዬ ብደግምለት ክብሩ ይጠበቃል፤ ነገር ግን መታረሙን ላያስተውል ይችላል። ሮይ ሊስተርና ሊላ ራንታ በካናዳ የፈረንሳይኛ ክፍሎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳዩት መምህራን አብልጠው የሚጠቀሙት ይህንን መንገድ ነው፤ ተማሪዎች ራሳቸውን የሚያርሙት ግን ፍንጭ ተሰጥቷቸው እንዲሞክሩ ሲደረግ ይበልጥ ነው። አቋርጬ ባርመው ደግሞ ሐሳቡ ይጠፋበታል። አሁን የምሠራው እንዲህ ነው፦ ልጁ ሲናገር አላቋርጥም፤ የሰማኋቸውን ስሕተቶች በወረቀት እይዛለሁ፤ በመጨረሻ የማን እንደሆነ ሳልናገር ሰሌዳ ላይ አወጣቸዋለሁ፤ ክፍሉ በሙሉ ያርማቸዋል።

ሳቅን በተመለከተ ግን ድርድር የለኝም። የዓመቱ የመጀመሪያ ቀን እናገራለሁ፤ በዚህ ክፍል በሚሞክር ሰው አይሣቅም። የሣቀ ሰው ራሱ ተነሥቶ ይሞክራል።

ለልጅቷ የደረስኩላት ዘግይቼ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ጠብቄ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ነገ የምጠይቅሽ ይህን ነው ብዬም ጥያቄውን ነገርኳት። በማግስቱ አራት ዐረፍተ ነገር ጽፋ መጣች። ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ አነበበችው፤ ድምፅዋ ከሁለተኛው ረድፍ አላለፈም። ማንም አልሣቀም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት ዐረፍተ ነገር ያለ ወረቀት ተናገረች፤ አንዱ ስሕተት ነበረበት፤ ጨርሳ ተቀመጠች። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጇን በራሷ ፈቃድ ያወጣችው ሦስት ጊዜ ነው። ቆጥሬአለሁ።